ብርሃኑ ከየት መጣ? ስለ ድሮ የፋብሪካ ፎቶዎች የጠየቃችሁን

ስለ ፊልም ካሜራ ዘመን ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር። ስለ ሠርግ ፎቶና ስለ ፎቶ ቤት የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ፣ እሱ ለሌላ እትም ይቆየን። ከመሃል ግን ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ብረት ማቅለጫ፣ ስለ ከሰል ጉድጓድ የጠየቃችሁ አላችሁ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ከጀመሩኝ አላቆምም። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ የእነሱ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። የድሮ የፋብሪካ ፎቶ ስታዩ ሰውየውንም ማሽኑንም ለጊዜው ተዉትና ብርሃኑ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። እሱን ካገኛችሁ ፎቶው እንዴት እንደተነሳ፣ ማን እንዳስነሳው፣ ሰዎቹ የምር እየሠሩ ይሁን ቁሙ ተብለው የቆሙ፣ ግማሹን ደረሳችሁበት።

አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነበር የሠራው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተነሳ አንድ ፎቶ ቤታችን አለ። ሠራተኞቹ ማሽኑ ፊት ተደርድረው ቆመዋል፣ አንድም የሚስቅ የለም፣ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ጠፍቷል፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ጭልም ብሏል። ያነሳው ሰው ባለሙያ አልነበረም ማለት ነው? ፎቶውስ እንዳይበላሽብኝ ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

ኧረ ባለሙያ ሳይሆን አይቀርም! አንቺ ስህተት ያልሻቸው ነገሮች ሁሉ የዘመኑ ፊልም ጣጣዎች ናቸው።

ወንጂ የኔዘርላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ ያቋቋመው፣ በ1954 ስኳር ማምረት የጀመረ ፋብሪካ ነው። በዚያው ዓመት ኮዳክ ትራይ-ኤክስ የሚባለውን ፈጣን ጥቁርና ነጭ ፊልም በትንሹ ካሜራ ልክ ገበያ ላይ አዋለ። ፈጣን ሲባል 400 አይኤስኦ ነው (አይኤስኦ ፊልሙ ብርሃን ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀበል የሚለካበት ቁጥር ነው)፣ ዛሬ ስልክሽ ሳይነግርሽ የሚያልፈው ቁጥር። በዚህ ፊልም እንኳ፣ በጣሪያ መብራት ብቻ በሚሠራ አዳራሽ ውስጥ፣ ሌንሱን እስከ ኤፍ 2 ከፍቶ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል) ሹተሩን፣ ማለት ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ 1/30 ሰከንድ ላይ ማድረግ የተለመደ ነበር። ችግሩ፣ ኤፍ 2 ላይ ጥርት የሚለው አንድ ፊት ብቻ ነው። የቆሙት በሙሉ ከነማሽኑ ጥርት እንዲሉ ከተፈለገ ሌንሱን ወደ ኤፍ 8 ማጥበብ ያስፈልጋል፣ ያኔ ግማሽ ሰከንድ ገባ። ፊልሙ ዘገምተኛ ከሆነ፣ 25 አይኤስኦ ነው እንበል፣ ያው ፎቶ ስምንት ሰከንድ ይፈልጋል። ፊልም ደግሞ በረጅም ጊዜ ላይ ይደክማል፣ ብርሃኑን በልኩ አይቆጥርም፤ በሒሳብ ስምንት የወጣው በተግባር አሥራ አምስትም ሃያም ሊሆን ይችላል። እስቲ ሃያ ሰከንድ ሙሉ ፈገግ ብለሽ ቁሚ! አባትሽና ጓደኞቹ ያልሳቁት ተኮሳትረው ላይሆን ይችላል።

መስኮቱ ነጭ የሆነው ደግሞ ውጪ ያለው ፀሐይ ከውስጡ ብርሃን በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ነው። ፎቶ አንሺው አንዱን መምረጥ ነበረበት። ሰዎቹን መረጠ። ጥሩ አደረገ።

የኋላው መጨለም ፍላሽ ይመስለኛል። የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት ሜትር ላይ ያለውን ሰው ደህና አድርጎ ያበራና ስድስት ሜትር ላይ ያለው ቦይለር ጋ ሲደርስ ሩቡ ብቻ ይቀረዋል። ለማረጋገጥ ከሰዎቹ ጆሮና ትከሻ ኋላ ተመልከቺ። ጠርዙ የተቆረጠ ጥቁር ጥላ ማሽኑ ላይ ካረፈ ፍላሽ ነው። ጥላው ለስላሳና ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ መስኮቱ ነው ያበራላቸው።

ማሽኑ ቺንጋ ካለው እሱንም እዪው። ቺንጋው ጥርት ብሎ፣ ስፌቱ ሳይቀር ከታየ ማሽኑ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ብዥ ካለ እየዞረ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ያስቆሙት ነበር፣ ምክንያቱም ማሽን ሲሠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ትሪፖዱም፣ የካሜራው ሦስት እግር መቆሚያ፣ አብሮ ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። እባክሽ ላሚኔት አታስደርጊው። አገራችን ውስጥ ስንት ጥሩ ፎቶ በላሚኔት እንደጠፋ! አንዴ ከተለጠፈ መመለሻ የለውም። በፕላስተርም አታያይዢው። ከጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፊ፣ ቀለሙ ዘልቆ ፊት ለፊት ይወጣል፤ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ነጋቲቩ ካለሽ አሽትቺው። የኮምጣጤ ሽታ ካለው ፕላስቲኩ መበላሸት ጀምሯል፣ ከሌሎቹ ለይተሽ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ አስቀምጪውና ቶሎ ስካን አስደርጊው። ከሁሉም በፊት ግን ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጊና ማን ማን እንደሆነ አስጽፊ። ይሄኛው ስካነር የለውም።

የፎቶግራፍ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የድሮ ፊልም የቀለጠ ብረት ማንሳት አይችልም ነበር አለን። ፋብሪካውን በሙሉ የሚያበራ ነገር እንዴት ፊልም ላይ አይወጣም? (ከአዲስ አበባ)

መምህርህ ልክ ናቸው። ጉዳዩን በደንብ የሚያሳየው አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ የሆነው ነው።

1927 መጨረሻ፣ 1928 መግቢያ ላይ ማርጋሬት ቡርክ-ዋይት የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ኦቲስ ስቲል የተባለውን ብረት ፋብሪካ ፎቶ ላንሳ ብላ ፕሬዚዳንቱን ጠየቀች። ሴት ብረት ማቅለጫ ውስጥ ምን ትሠራለች የሚባልበት ጊዜ ነው። ሰውየው ፈቀደላት። ገባች፣ የቀለጠው ብረት ከምድጃ ሲወርድ ብልጭታው ሲበተን አየች፣ አነሳች። ፊልሙ ሲታጠብ ግን የረባ ነገር አልነበረበትም።

ለምን? የዚያን ጊዜ ብዙው ፊልም የሚያየው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃንን ነው፤ ለቀይ ዕውር ነበር። የቀለጠ ብረት ደግሞ የሚሰጠው ብርሃን አብዛኛው ቀይና ብርቱካናማ ነው፣ ቀሪው ዓይን የማያየው ሙቀት። ጨለማ ክፍል ገብተህ ከሆነ ቀዩን አምፖል ታስታውሳለህ። ወረቀቱ ቀይ ስለማያይ ነው በዚያ አምፖል ሥር የምንሠራው። እንግዲህ እሷ ያንን ቀይ አምፖል በሺህ እጥፍ አሳድጎ የሰጣት ቦታ ውስጥ ቀይ በማያይ ፊልም ነው የገባችው። ለዓይኗ ቀን ነው፣ ለፊልሟ ሌሊት።

መፍትሔው የመጣው ከሲኒማ ሰዎች ነው። ለፊልም ቀረጻ የተሠሩ ትልልቅ የማግኒዚየም ችቦዎች ነበሩ፣ ሲቀጣጠሉ ነጭ ብርሃን የሚሰጡ። እነሱን ረዳቶች ይዘውላት፣ ችቦው ሲነድ አዳራሹ በነጭ ብርሃን ሲጥለቀለቅ ማንሳት ጀመረች። ወደ ምድጃው በጣም ከመጠጋቷ የተነሳ የካሜራዋ ቫርኒሽ በሙቀት ቆረፈደ፣ ፊቷም ፀሐይ እንደመታው ሰው ቀላ። ፎቶዎቹ ተወደዱ። ሄንሪ ሉስ የተባለው አሳታሚ አያቸውና በ1930 ለሚጀምረው የንግድ መጽሔት፣ ለፎርቹን፣ በ1929 ቀጠራት። በ1930 ሶቭየት ኅብረት ገብታ አዳዲሶቹን ፋብሪካዎች አነሳች፤ ለምዕራባዊ ፎቶ አንሺ ያኔ በር የሚከፈትበት ቦታ አልነበረም። በኅዳር 1936 ላይፍ መጽሔት ሲጀመር የመጀመሪያው ሽፋን የእሷ ነው፣ ሞንታና ውስጥ የሚሠራው የፎርት ፔክ ግድብ።

እዚህ ላይ የመግቢያዬን ጥያቄ አንሳ። በእነዚያ የብረት ፎቶዎች ላይ ግድግዳውንና ምሰሶውን ያበራው ማነው? ብረቱ አይደለም፣ ችቦው ነው። ዓይን ያየው የቀለጠ ብረት ግርማ ፊልም ላይ እንዲደርስ ሌላ ብርሃን ተውሶ መግባት ነበረበት። እኔ ይሄንን ማታለል አልለውም። ሳይዋሹ መዋስ ነው።

አንተ ራስህ ብረት ማቅለጫ ውስጥ በፊልም ልታነሳ ከሆነ፣ ዛሬ የምትገዛው ጥቁርና ነጭ ፊልም ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይን ያያል፣ ስለሱ አታስብ። የምታስበው ስለ ብርሃን መለኪያው ነው። መለኪያውን የቀለጠው ብረት ላይ ካዞርከው "ኧረ በጣም በርቷል" ይልሃል፣ አምነኸው ካነሳህ ነጭ ጅረት በጥቁር ወረቀት ላይ ታገኛለህ። ሠራተኛው ፊት ወይም የቱታው እጅጌ ላይ ለካ። ብረቱ ነጭ ሆኖ ይቃጠል፣ የሚጎዳ ነገር የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነጋቲቭ ትርፍ ብርሃን ይችላል፣ የማይችለው ጉድለትን ነው። ራቅ ብለህ ረዘም ባለ ሌንስ ሥራ። ቴትሮን ነገር ለብሰህ እንዳትሄድ፣ ብልጭታ ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል፣ ጥጥ ልበስ። ደግሞ ካቦው ቁም ያለህ ቦታ ብቻ ቁም። የቀለጠ ብረት እርጥብ ወለል ላይ ሲፈስ ይፈነዳል፣ እሱ የትኛው ወለል እርጥብ እንደሆነ ያውቃል፣ አንተ አታውቅም።

ዛሬ ፋብሪካ ገብቶ ፎቶ ለማንሳት ደብዳቤ በደብዳቤ ነው። ድሮ ግን ማንም ዘው ብሎ ገብቶ ያነሳ ይመስላል። እውነት ቀላል ነበር? (ከባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ ድሮም ደብዳቤ በደብዳቤ ነበር። የምናያቸው የድሮ የፋብሪካ ፎቶዎች አብዛኞቹ ባለቤቱ ከፍሎ ያስነሳቸው ናቸው፣ ለዓመታዊ ሪፖርት፣ ለካላንደር፣ ለማስታወቂያ። ወለሉ ይጠረጋል፣ ቱታ ይታጠባል፣ መብራት ይተከላል። እንግሊዝ ውስጥ ሞሪስ ብሩምፊልድ የሚባል ነበር። በልጅነቱ ሮልስ ሮይስ ፋብሪካ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ነው፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በካሜራ ተመለሰ፣ ለኩባንያዎች እየተቀጠረ። የእሱ ፎቶዎች ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ግዙፍ ማሽን ፊት ቆሞ መብራት ተመርጦ ሲያርፍበት ታያለህ። ውብ ናቸው። ግን ያንን መብራት የከፈለው ማን እንደሆነ አትርሳ።

ዘው ብሎ የገባስ? አለ። ሉዊስ ሃይን።

ሃይን ኒው ዮርክ ውስጥ አስተማሪ ነበር። በ1908 የሕፃናትን ጉልበት ብዝበዛ የሚቃወመው አገር አቀፍ ኮሚቴ ቀጠረውና አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር መዞር ጀመረ። ጥጥ ፋብሪካ፣ የከሰል ማዕድን፣ የዓሣና የአትክልት ማሸጊያ። ባለቤቶቹ ሊያስገቡት እንደማይፈልጉ ግልጽ ነው። ስለዚህ አንዴ መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ ነኝ ይላል፣ አንዴ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ፣ አንዴ የመጣሁት ማሽኑን ላነሳ ነው፣ ሕፃኗ ማሽኑ አጠገብ ትቁምልኝ ለመጠን እንድትሆነኝ። እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ሳያይ ማስታወሻ ይጽፋል። የልጆቹን ቁመት የሚለካው በሰደርያው ቁልፎች ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ ከመሬት ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ልጅቷ አጠገቡ ስትቆም የትኛው ቁልፍ ላይ እንደደረሰች ያያል፣ አለቀ። ዕድሜዋንና የሥራ ሰዓቷን ይጠይቃታል። ኋላ ላይ ፋብሪካው "እዚህ ከአሥራ አራት በታች የለም" ሲል የሃይን ወረቀት ላይ ቁመቷ ተጽፏል።

ይሄን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ኪስ ውስጥ በሚገባ ካሜራ አይደለም። ትልቅ የእንጨት ሳጥን፣ የመስታወት ነጋቲቭ፣ ትሪፖድ፣ ለብርሃን የማግኒዚየም ዱቄት። የመስታወት አምፖል ፍላሽ የመጣው በ1929 እና 1930 ነው፣ እሱ ገና የለም። ዱቄቱ ሲለኮስ ቦግ ይላል፣ ከዚያ ነጭ ጭስ ክፍሉን ይሞላዋል። አስበው፣ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ፣ ብናኙ አየር ላይ እየተንሳፈፈ እሳት ማቀጣጠል። ያውም አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለህ፣ ምክንያቱም ከጭሱ በኋላ ካቦው መጥቶ ምንድነህ ይልሃል። በ1911 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ልጆች ከከሰሉ ላይ ድንጋይ የሚለቅሙበትን ቤት አንስቷል፤ የከሰል አቧራው አንዳንዴ ማየት እስኪከለክል ድረስ ነበር። ልጆቹ በተርታ ጎንበስ ብለው ተቀምጠዋል፣ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዙረዋል፣ ከሰል ከመሰለው ፊት ላይ ዓይናቸው ብቻ ይታያል።

ካላስገቡትስ? በር ላይ ይጠብቃል። ከሃይን ፎቶዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ደጃፍ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ወይም ሥራ መግቢያና መውጫ ላይ የተነሱት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ይሄ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። መንገድ ላይ ቆመህ ሺፍት ሲቀየር ሠራተኞቹን አስፈቅደህ ማንሳት ከአሥር ደብዳቤ ይቀላል፣ ፊታቸውም ያኔ ነው የሚፈታው።

ውጤቱን ለሚጠይቅ፦ በ1916 አንድ የፌዴራል ሕግ ወጣ፣ በ1918 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው፣ ጸንቶ የቀረው የ1938ቱ ነው። ሃይን በ1940 ሲሞት በድህነት ነበር፣ ቤቱን እንኳ አጥቷል። ከአምስት ሺህ በላይ ፎቶዎቹ ግን በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ፣ በኢንተርኔት ገብተህ ከነማስታወሻቸው ታያቸዋለህ፣ በነፃ። ማስታወሻውን አትዝለለው። እኔ እንደሚመስለኝ ግማሹ ሥራ እሱ ነው።

ሠራተኞች ሰማይ ላይ በተንጠለጠለ ብረት ላይ ተቀምጠው ምሳ የሚበሉበት የኒው ዮርክ ፎቶ የውሸት ነው ሲሉ ሰማሁ። የሥራ ቦታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ውርርዱን ለሁለት ተካፈሉት።

ሰዎቹ እውነተኛ የብረት ሠራተኞች ናቸው፣ አሥራ አንድ። ቦታውም እውነት ነው፣ ሮክፌለር ሴንተር ውስጥ በመሠራት ላይ የነበረ ሕንፃ፣ 69ኛው ፎቅ ላይ። በሞንታዥ የተቀጠለ ነገር የለውም። ግን ምሳቸውን ሲበሉ ድንገት የተያዙ አይደሉም። መስከረም 20 ቀን 1932 የተነሳው ሕንፃውን ለማስተዋወቅ ነው፣ ተቀመጡ ተብለው ነው የተቀመጡት፣ በዚያው ቀን ተኝተው የተነሱትም አሉ። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ላይ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ ፈትቶ በነበረበት ጊዜ፣ የሚከራይ ሰው ያጣ ሕንፃ እንዲህ ያለ ፎቶ ቢያስነሳ ምን ይገርማል። በዕለቱ እዚያ የነበሩት ፎቶ አንሺዎች ከአንድ በላይ ስለሆኑ የማን ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ነጋቲቩ መስታወት ነው፣ ተሰብሯል፣ ስብርባሪው ግን ተቀምጧል።

ብርሃኑስ? ሰማይ ነው። ከፋብሪካ ውስጥ ፎቶ ጋር ሲተያይ የሰማይ ላይ ፎቶ በብርሃን በኩል ቀላል ነበር፣ ሹተሩን ማፍጠን ይቻላል፣ ማንም ሃያ ሰከንድ ድርቅ ብሎ መቆም የለበትም። ለዚህ ነው ሰዎቹ ዘና ብለው የሚታዩት። ከባዱ ነገር እዚያ ላይ ካሜራ ይዞ መውጣቱ ነበር።

ኤሰን ነው የምኖረው። ከአንድ ያገለገለ ዕቃ ገበያ አሮጌ የፊልም ካሜራ ገዛሁ። ጾልፈራይን የከሰል ማዕድኑን ማንሳት ፈልጌያለሁ። ከየት ልጀምር? (ከጀርመን)

ቀንቼብሃለሁ። የጾልፈራይን 12ኛው ጉድጓድ በ1932 ሥራ ሲጀምር ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ነበር፣ ከሰል ማውጣቱ በ1986 ቆመ፣ በ2001 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አደረገው። ቀዩ የጉድጓድ ማማ ለብቻው ሁለት ሦስት ፊልም ያስጨርሳል።

መጀመሪያ ካሜራውን። ጀርባውን ክፈተው፣ የብርሃን መከላከያው ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ከተጣበቀ ወይም ከፈረፈረ ማስቀየር አለብህ። ሹተሩን 1 ሰከንድ ላይ አድርገህ ስማው፣ አሮጌ ካሜራ ቀስ የሚለው ላይ ነው የሚሰንፈው። መለኪያ ካለው ባትሪውን ጠይቅ፦ የዚያን ጊዜ ብዙዎቹ በ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነበር የሚሠሩት፣ እሱ ዛሬ አይሸጥም፣ 1.5 ቮልት ብትከትበት ልኬቱ ይሳሳታል። ለመጀመሪያ ቀን ስልክህ ላይ ያለው መለኪያ ይበቃሃል። በደመና ቀን ውጪ፣ በ400 ፊልም፣ ኤፍ 8 እና 1/250 ብትል ብዙም አትርቅም። ፊልሙ ትራይ-ኤክስ ይሁን የኢልፎርድ ኤችፒ5 ለውጥ የለውም፣ የረከሰውን ግዛ።

ስለ አካባቢህ ካነሳን በርንድና ሂላ ቤኸርን ሳታይ እንዳትወጣ። ባልና ሚስት ናቸው። ከ1959 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል የውሃ ማማ፣ የብረት ምድጃ፣ የከሰል ጉድጓድ ማማ አነሱ። ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ ደመና ሲሆን፣ ጥላ እንዳይኖር። ከፍ ያለ ቦታ ወይም መሰላል ላይ ወጥተው፣ በትልቅ ካሜራ፣ ቀጥ አድርገው። ከዚያ ዘጠኙን ወይም አሥራ አምስቱን አንድ ላይ ይሰቅሏቸዋል፣ ያኔ ልዩነታቸው ይታይሃል። በ1990 ቬኒስ ላይ የተሸለሙት በፎቶግራፍ ሳይሆን በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነው! አብዛኛው ያነሱት ነገር ዛሬ ፈርሷል።

ከእነሱ አንድ ነገር ስረቅ፦ ካሜራህን ወደ ላይ ቀና አታድርግ። ማማ ሲረዝምብህ ሌንሱን ወደ ላይ ስታቀና ማማው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ወደ ኋላ ራቅ በል፣ ካሜራውን ልክ እንደ ወለሉ አግድም ያዝ፣ ከታች ትርፍ መሬት ቢገባ ሲታተም ትቆርጠዋለህ።

ውስጥ ስትገባ ይጨልምብሃል። ትሪፖድ ያስፈልጋል፣ ለትሪፖድ ደግሞ አስቀድመህ ጠይቅ። ከአንድ ሰከንድ በላይ ከሄድክ ፊልሙ የሚደክመውን አስበህ ጨምርለት። ፈቃድ ካገኘህ ደግሞ የድሮዎቹን ዘዴ ሞክር፦ ሹተሩን ክፍት ትተዋለህ፣ ጥቁር ነገር ለብሰህ ትንሽ ፍላሽ ይዘህ አዳራሹ ውስጥ ትዞራለህ፣ አንዴ ምሰሶው ጀርባ፣ አንዴ ማሽኑ ጎን፣ አንዴ ደረጃው ሥር ፍላሹን ትተኩሳለህ። አንተ ስለምትንቀሳቀስ ፊልሙ ላይ አትወጣም፣ ያበራሃቸው ነገሮች ግን ይወጣሉ። ከቦታ ቦታ ስትሄድ ጓደኛህ ሌንሱን በኮፍያ ይሸፍንልህ። ትልቅ አዳራሽ በአንዲት ፍላሽ የሚበራው እንዲህ ነው።

ከቤኸሮቹ ጋር አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰው የለም። አርባ ዓመት ሙሉ ሠራተኛ አላነሱም፣ ሆን ብለው ነው፣ ይገባኛል፣ ግን አንተ እንደነሱ መሆን የለብህም። ካንተ አጠገብ ቦትሮፕ ያለው የጀርመን የመጨረሻው የድንጋይ ከሰል ማዕድን የተዘጋው በታኅሣሥ 2018 ነው። መሬት ውስጥ የወረዱ ሰዎች ገና በሃምሳዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው በሰፈርህ ይሄዳሉ። አንዱን አግኝና ማማው ሥር ቁምልኝ በለው። ደመናማ ቀን ፊት ለማንሳትም ጥሩ ነው።

አጎቴ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ያስቀራቸው የቀለም ስላይዶች ላይ ሰው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ፊልሙ ተበላሽቶ ነው? አንዳንዱ ደግሞ ብርቱካናማ ነው። ፍላሽስ ለምን አልተጠቀመም? (ከዱባይ)

አልተበላሸም። የቀን ብርሃን ፊልም በፍሎረሰንት አምፖል ሥር አረንጓዴ ያወጣል፣ ዓይናችን ያስተካክለዋል እንጂ ብርሃኑ እንደዚያው ነው። የሚያውቅ ሰው ሌንሱ ላይ ሐምራዊ ማጣሪያ ያደርግ ነበር። ብርቱካናማዎቹ ምናልባት በሶዲየም አምፖል ሥር የተነሱ ናቸው፣ እሱ ደግሞ ማጣሪያም አያድነውም፣ ሌላ ቀለም የሚባል ነገር ብርሃኑ ውስጥ እምብዛም ስለሌለ። አረንጓዴዎቹን ስካን አድርገሽ በኮምፒውተር ማስተካከል ይቻላል፣ ብርቱካናማዎቹን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪያቸውና ተገላገዪ።

ፍላሽ ለምን አልተጠቀመም ላልሽው፣ ነዳጅና ጋዝ ባለበት ቦታ ፍላሽ ክልክል ነው። ብልጭታ ማለት እሳት ነው።

ፊልም ይዤ ከቶሮንቶ አዲስ አበባ ልመጣ ነው። ኤርፖርት ላይ ኤክስሬይ ያበላሸዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ አሁን ደግሞ ብሷል። የድሮዎቹ የእጅ ሻንጣ ማሽኖች ለ400 ፊልም ብዙም አያሰጉም ነበር፤ አዲሶቹ ሲቲ ስካነሮች ግን አንድ ጊዜ ማለፍ እንኳ ፊልም ላይ ጭጋግ ሊያወጡ ይችላሉ። በምንም ተአምር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርገው፣ እዚያ ያለው ጨረር ከሁሉም የበረታ ነው። ፊልሞቹን ከካርቶናቸው አውጥተህ በሚያሳይ ላስቲክ ውስጥ አድርግና ወረፋው ጋ ቀደም ብለህ ድረስ፣ በእጅ ፈትሹልኝ በል፣ በትሕትና። እምቢ የሚሉ አሉ፣ እሺ የሚሉም አሉ። ያነሳኸውን ደግሞ ከተቻለ ከመመለስህ በፊት እዚሁ አሳጥበው። የታጠበ ፊልም ኤክስሬይ አይነካውም።